ጋሽ ቆይማ እና የእናቴ ምድጃ

ሕንፃ ሊፍት ላይኖረው ይችላል፤ ውሃም ላይኖረው ይችላል። አርፎ መቀመጥ የማይችል ጎረቤት ግን አያጣም። ለእኛ የደረሱን ጋሽ ቆይማ ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ሆኖም "ቆይማ" ሳይሉ የገቡበት ቤት ስለሌለ ያንኛውን ባለቤታቸውም ሳይረሱት አይቀሩም። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ቲኬት ተቆጣጣሪ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ አሰናበታቸው እንጂ እሳቸው ቁጥጥሩን አልተዉም።

ልብስ ሰፊያችን ታሞ ሊጠይቁት ገቡና አልጋው ይወዛወዛል ብለው በሽተኛውን አስነሥተው ብሎን አጠበቁ። የአዲሶቹን ሙሽሮች ቁም ሳጥን በውሃ ልክ አስተካከሉ፤ ቁም ሳጥኑ ቀጥ አለ፣ በሩ ግን ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም። ፋርማሲስቷ ቤት ሥዕል ልስቀል ብለው የውሃ ቱቦ በሱ። ሕንፃው በሙሉ ባልዲ ይዞ ሲሰለፍ ክቡርነታቸው ፊት ለፊታችን ቆመው "ቆይማ፣ ሰልፉ ጠሟል" ይሉናል። ምን ታደርጋቸዋለህ?

እንግዲህ እናቴ ጉልበቷን እያመማት ብቻዋን መኖር ስለከበዳት እኔ ጋ መጣች። ወለል ላይ ጎንበስ ብላ እንዳትሠራ ብዬ ቆማ የምትሠራበት ባለ ኦቨን የጋዝ ምድጃ ገዛሁላት። ጉልበትሽስ ስላት "ኧረ ተሻለኝ፣ እንዲያውም ረስቼዋለሁ" ትለኛለች። እኔም አምኜ ደስ ብሎኝ ነበር።

ምድጃው በመጣ ዕለት ተሸካሚዎቹ ግድግዳው ላይ ለጥፈውት ሄዱ። እናቴ ሽርጧን ታጥቃለች፣ ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ እኔ ክብሪት ይዣለሁ። "ቆይማ" አለ ከበሩ የመጣ ድምፅ።

ምድጃውን ጎተቱት። የጋዙ ጎማ ከኋላ ተጨፍልቆ ኖሯል፤ እዚህ ላይ እውነት አላቸው። ጎማውን አስተካከሉ። መጋረጃው እሳት አጠገብ ነው ብለው ነቀሉት። የሳሙና አረፋ አስመጥተው የጎማውን መጋጠሚያ ቀቡና ጋዙን ከፍተው አፈጠጡበት፤ አረፋው አላበጠም፣ ጋዝ አያፈስም ማለት ነው። ውሃ ልካቸውን አወጡ። ተንበረከኩ፣ ተነሡ፣ እንደገና ተንበረከኩ። ሊጡ ከሳህኑ መፍሰስ ጀመረ። እኔ ከሳሎን ኩሽና፣ ከኩሽና ሳሎን እመላለሳለሁ።

ይሄኔ ከካርቶኑ ውስጥ አንዲት የታጠፈች ብረት አወጡ። ትርፍ ዕቃ ናት አልኳቸው። ምድጃው ወደ ፊት እንዳይወድቅ ከግድግዳ ጋር የምትይዘው እሷ ናት ብለው ድሪላቸውን ሰኩ። እኔ ደግሞ ሴራሚኩን ካስለጠፍኩ ገና ወር አልሞላኝም፤ ቱቦ ለሚበሳ ሰው ግድግዳዬን አልሰጥም ብዬ በድሪሉና በግድግዳው መሀል ቆምኩ። እናቴም ጋሽ ቆይማን "ተወው በቃ፣ እንዲሁ ይሁን" አለቻቸው።

ጋሽ ቆይማ ትንሽ አሰቡና ወደ እሷ ዞሩ።

"እማማ፣ ኦቨኑ ውስጥ ያለችውን ትሪ ቢያቀብሉኝ?"

እናቴ የኦቨኑን በር ወደ ታች ከፍታ ጎንበስ አለችና ትሪዋን ያዘች። ቀና ልትል ስትል ጉልበቷ እምቢ አላት። የሚይዝ ነገር ፈለገችና በተከፈተው በር ላይ ተደገፈች፤ ክብደቷን በሙሉ ጣለችበት። የምድጃው የኋላ እግሮች ከወለሉ ተነሡ። አልወደቀም፤ ጋሽ ቆይማ ቀድመው በሁለት እጃቸው ከላይ ተጭነውት ነበር።

እናቴ ወለሉን እያየች ቀሚሷን ታስተካክላለች። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆንሽው ልላት አፌን ስከፍት ጋሽ ቆይማ ቀደሙኝ።

"እርስዎ ምን አደረጉ፣ እማማ? ምድጃው ነው ቀላል። የዘንድሮ ዕቃ ሁሉ እንዲህ ነው" አሏት ቀስ ብለው። እኚያ ጯሂ ሰው ቀስ ብለው መናገር እንደሚችሉ ያኔ አወቅሁ።

ለእኔ ደግሞ በጆሮዬ "ደረጃውን ሲወጡ መደገፊያውን እንዴት እንደሚጎትቱት አላየህም?" አሉኝ። አላየሁም። ቀና ብዬ ላያቸው አፈርኩ፤ ደግሞም ወደድኳቸው። ከግድግዳው ዞር አልኩላቸው።

ሲበሱ አንዱ ሴራሚክ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ይሰንጠቅ። ብረቷን በብሎን አሰሩ፣ የምድጃውን የኋላ እግር ሥሯ አስገቡ፣ ከዚያ በተከፈተው በር ላይ ራሳቸው በሙሉ ክብደታቸው ተደገፉ። ንቅንቅ አላለም። እናቴ እሳቱን ለኮሰች።

እኔ ሳሎን አቧራውን ስጠርግ እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስትናገር ሰማኋት።

"ነገ መጥተህ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የምይዘው ነገር ታደርግልኛለህ? ብቻ ልጄ እንዳይሰማ፣ ይጨነቃል።"

"ምን ነገ አለው፣ እማማ፣ አሁን ነው እንጂ" አሉ፣ ሕንፃው በሙሉ እስኪሰማ።

እኔም ምንም እንዳልሰማ ሰው መጥረጊያውን አስቀምጬ፣ የድሪሉን ገመድ ሰብስቤ ተከተልኳቸው።