ሳይፈቀድ የተለጠፈው ሳሎን

ትናንት ከምሳ በኋላ ትርሲት በሕልሟ ቤቶች ሰው ሲያሳምሩ አየች።

ትርሲት የቤት ውስጥ ዲዛይነር ናት። የእትዬ የሺመቤትን ሳሎን አድሳ ጨርሳ፣ እሳቸው ከለቅሶ ቤት እስኪመለሱ አዲሱ ነጭ ሶፋ ላይ ጋደም ብላለች። ሐሳብ ግን ይዟታል። ጠዋት የድሮውን ሳሎን ፎቶ፣ ያንን ላስቲኩ እስከ ዛሬ ያልተነሳለትን ሶፋና ዳንቴል የለበሰውን ቡፌ፣ «በፊት» ብላ ፌስቡክ ላይ ለጥፋዋለች። ከሥሩም «ከዚህ ጉድ ገላገልኳቸው» ብላ ጽፋበታለች። ባለቤቲቱን አላስፈቀደችም። አራት ሺህ ሰው ወዶላታል። ሳያዩት ላጥፋው ወይስ ልተወው ስትል እንቅልፍ ጣላት።

በሕልሟ አልጋዎች ታክሲ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። መጋረጃዎች ሰው አጥበው ገመድ ላይ ያሰጣሉ። ትርሲት ባዶ ክፍል መሃል ቆማለች፤ ያ ላስቲክ የለበሰ ሶፋ ሜትር አንገቱ ላይ ጥሎ ይዞራታል።

«ቁመቷ ደህና ነው» አለው ለቡፌው። «ሆዷ ግን ቦታ ይይዛል።»

ቡፌው መዘገበ። ውስጡ ያሉት ብርጭቆዎች እየተሽኮረመሙ ሳቁ።

ከዚያ ሶፋው ደረቷን እንደ ቁም ሣጥን ከፈተው። አላመማትም። ውስጡ ደብረ ብርሃን ያደገችበት ክፍል ነበር። ጋዜጣ የተለጠፈበት ግድግዳ፣ እናቷ ከዱቄት ከረጢት የሰፉት መጋረጃ፣ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣው አንድ ወንበር፣ ሁሉም እንዳለ አለ። ትርሲት ይህን ክፍል ለማንም አሳይታ አታውቅም። ብሎጓ ላይማ ያደገችው ሰፊ ግቢ ውስጥ እንደሆነ ነው የጻፈችው።

ሶፋው ስልኩን አወጣና አነጣጠረ። «እንዴት ያለ ግሩም ‹በፊት› ነው» አለ። «እንለጥፈው?»

ትርሲት እፍረት ፊቷን አቃጠላት። በሁለት እጇ ደረቷን ለመዝጋት ታገለች፤ በሩ አልገጥም አላት።

«የእናቴ ቤት ነው» አለችው። «እባክህ።»

ሶፋው ወዲያው ስልኩን አወረደ። ካልፈቀደች እንደማይሆን፣ እነሱ ዘንድ ደንብ እንዳለ ነገራትና ከላስቲኩ ሥር አንድ ወረቀት ስቦ ያነብላት ጀመር። ትርሲት ቃሉን አወቀችው። አምና እሷው ራሷ ለሙያ ጓደኞቿ ብሎጓ ላይ የጻፈችው ምክር ነበር። የሰው ቤት ከመለጠፋችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ ይላል። በሰው ዕቃ አትቀልዱ ይላል። እዚህ ላይ ሲደርስ ቡፌው በዳንቴሉ ዓይኑን ጠረገ።

«ጉድ አልሽኝ» አላት። «ሠላሳ ዓመት አንድ ብርጭቆ ሳልሰብር።»

ትርሲት አሁኑኑ አጠፋዋለሁ ብላ ኪሷ ብትገባ እጇ ላይ የወጣው ስልክ ሳይሆን ትንሽ በር ነበር። በሩን ገፋችው። ነቃች።

እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል። መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን ይጎረጉራሉ። የትርሲት ስልክ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ይንጫጫል። ብድግ አድርጋ አየችው። ጠዋት ከለጠፈችው ፎቶ ሥር አንድ ሌላ ፎቶ ተጨምሯል። አንዲት ሴት ከነጫማዋ ነጩ ሶፋ ላይ ተዘርራለች፤ አፏ ተከፍቷል፤ ለሃጯ አዲሱ ትራስ ላይ ወርዷል። ከላዩ «በኋላ» የሚል ተጽፎበታል። የለጠፉት እትዬ የሺመቤት ናቸው። ሰዉ ከሥሩ እየተንጋጋ ይስቃል።

ትርሲት ምነው ሳያስፈቅዱኝ ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እባክዎ እትዬ ያጥፉልኝ ስትል ለመነቻቸው።

«ባጠፋው ደስ ይለኝ ነበር ልጄ» አሉ እትዬ የሺመቤት ረጋ ብለው። «የልጅ ልጄ ግን መለጠፍ ብቻ ነው ያስተማረችኝ። እስቲ መጀመሪያ አንቺ ያንቺን አጥፊና፣ እያየሁ ልማር።»