በትእዛዝ የሚበቅል አጋም

ተክል በትእዛዝ የሚበቅል የሚመስለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ያውም ካድሬ ሆኖ።

በመንደር ምሥረታ ጊዜ ከየቀያችን አንስተው ከሚሴ አጠገብ ሜዳ ላይ በመስመር አሰፈሩን። ከበላይ እንግዳ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ካድሬያችን ሰበሰበንና «ነገ በየደጁ ለምለም አጋም ማየት እፈልጋለሁ» አለ።

አጋም ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ማን ደፍሮ ይንገረው? ወደ ድሮ ቤታችን ሄደን፣ አባቶቻችን የተከሉትን አጥር ጨፍጭፈን፣ ፍሬ ያንጠለጠለውን ቅርንጫፍ በየደጃችን ቸከልነው። እንግዳው አይቶ አጨበጨበ።

በሳምንቱ ሁሉም ደረቀ። አሁን እዚያም ጉቶ፣ እዚህም ጭራሮ ነው ያለን። ካድሬው ግን «ውሃ አጠጡ» ብሎ አዘዘ። የካድሬ ተክል መቼ ይደርቃል?

ሌላው ሰው ሰልችቶት ሲተው፣ ሽማግሌው ጎረቤቴ ሼህ ይማም ብቻ ከውዱእ ትጥበት የተረፈቻቸውን ውሃ በየማለዳው ደጃቸው ባለው ጭራሮ ሥር ያፈሳሉ።

«ሼህ ይማም፣ ይሄ እኮ ሥር የለውም። ምን ያለፋዎታል?» አልኳቸው።

«እኔስ እዚህ ሥር አለኝ ወይ ልጄ?» አሉ ጣሳውን እያዘነበሉ። «ከሁለታችን ማን ቀድሞ እንደሚደርቅ፣ ኢንሻአላህ፣ እናያለን።»