እማማ ጣይባ ምርቃት ያቆሙ ዕለት

በየሰፈሩ ሳይመርቅ ሰው የማያሳልፍ አንድ ሰው አይጠፋም። ምርቃቱ ደግሞ ደረቅ አይደለም። ሰላም ልትለው ሄደህ፣ ዝናብ እንደመታው ሰው ፊትህን እየጠረግህ ትመለሳለህ። ክብርት እማማ ጣይባ በደሴ፣ በሆጤ ሰፈርና በአካባቢዋ የዚህ ሥራ የበላይ ጠባቂ ናቸው።

"ቱፍ! ቱፍ! አላህ ክፉውን ያርቅልህ!" ይላሉ። ግንባርህ ላይ ይደርሳል። የአብዱልወሀብን አዲስ ባጃጅ የመረቁ ዕለት ሰውዬው የፊት መስታወቱን በሶፍት ጠርጎ ነው የተነሳው። የጎረቤት ልጅ የገዛችውን ስልክ ብታሳያቸው ስክሪኑን መረቁላት። በኮሮና ጊዜማ ጭምብላቸውን ዝቅ፣ ቱፍ ቱፍ፣ መልሰው ከፍ! "ሰው እንዲህ ሲጠነቀቅ ሸጋ ነው" ይሉ ነበር፣ ወላሂ።

በሺር በዚሁ ምርቃት ርሶ ያደገ የጎረቤት ልጅ ነው። ልጅ ሳለ ከሩቅ ሲያያቸው መንገድ ይቀይር ነበር። አሁን ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ውስጥ ክር ማሽን ላይ ይሠራል። ዘንድሮ ግን ሆዱ ከዳው። እህል ሲቀምስ ያቃጥለዋል፤ ሱሪው በላዩ ላይ ይሰፋል። ደሴ ላይ በአፉ ካሜራ አስገብተው አዩት፤ ከጨጓራው ቁራጭ ወስደውም "ለምርመራ ይላካል፣ ውጤቱን መጥተህ ትወስዳለህ" አሉት። ካንሰር የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። ሐኪሙ ዓይኑን መሬት ላይ ሲጥል ግን በሺር የተነገረው ያህል ሰማው።

ውጤቱን የሚወስድ ዕለት በጧት እማማ ጣይባ ደጃፍ ላይ ተገተረ። ራሱ፣ በገዛ እግሩ፣ ለምርቃት! ምን እንደሚጠብቀው ነገራቸውና ጎንበስ አለ።

እማማ ከንፈራቸውን አሹለው ሊጀምሩ ሲሉ፣ ነርስነት የምትማረው የልጅ ልጃቸው ፋኢዛ ስልኳን እያየች ከጓዳ ወጣች።

"እማማ፣ ይችን ይስሙ! በምራቅ የሚተላለፍ ቫይረስ በአንዳንድ ሰው የጨጓራ ካንሰር ውስጥ ተገኝቷል ይላል።"

ከንፈራቸው እንደሾለ ቀረ።

"በምን የሚተላለፍ?"

"በምራቅ።"

"አጃኢብ! ያ ረቢ!" አፋቸውን በሻርፓቸው ጥርቅም አድርገው ወደ ኋላ ሸሹ። "ይኸን ልጅ ከአራስ ቤት ጀምሬ!"

"እማማ፣ ይመርቁኝ እንጂ፣ ረፈደብኝ።"

"ዞር በል! እኔ ነኝ የገደልኩህ!"

"ኧረ ገና አልሞትኩም!"

"ቆይ አስጨርሱኝ!" አለች ፋኢዛ፣ ነገሩ ሲገባት ፊቷ ተለውጦ። "አዋቂ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይኸ ቫይረስ አለበት። አብዛኛው በልጅነቱ ይይዘውና ምንም ሳይሆን ይኖራል። በካንሰሩ ላይ ያለውን ድርሻ ገና እያጠኑት ነው። እርስዎም አለብዎት።"

"እኔ?" እማማ ግድግዳ ያዙ። "እኔንስ ማን ተፋብኝ?" ትንሽ አሰቡ። "የቢስቲማዋ አያቴ ናቸው። አላህ ይዘንላቸውና፣ የሳቸውማ ጎርፍ ነበር።"

ያም ሆኖ አልተጽናኑም። "በቃ፣ ምርቃት አቁሜያለሁ። አፌ ባይረባህ እግሬ ያድርስህ" ብለው ጫማቸውን አጠለቁ።

ባጃጅ ውስጥ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው፣ አፋቸውን ይዘው ተቀመጡ። በሺር እማማ ጣይባ ዝም ሲሉ አይቶ አያውቅም። ከካሜራውም፣ ከሐኪሙ ዓይንም በላይ ያስፈራው ይኸ ሆነ። እሳቸው የሚሉት ካጡ አለቀልኝ አለ በልቡ።

ሐኪሙ ወረቀቱን አየና "ካንሰር የለብህም" አለው። "ቁስለት ነው፣ ባክቴሪያም አለ። መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ጨርስ።"

በሺር እየተደናቀፈ ወጣ። እማማ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመዋል።

"ካንሰር አይደለም እማማ!"

ዓይናቸው ሞላ። ሻርፑ አፋቸው ላይ ሲነፋና ሲሟሽሽ ይታያል፤ ምርቃቱ ጉሮሯቸው ላይ ደርሶ ያንቃቸዋል። ድንገት ዘወር ብለው፣ ባጃጁ ሁሉ ክላክስ እየነፋባቸው፣ አስፋልቱን አቋርጠው ሮጡ። ማዶ ደርሰው ሻርፑን ገለጡት።

"አላህ ያፍያህ! ዕድሜህን ያርዝመው! ጠላትህ ይፈር! ቱፍ! ቱፍ!"

መንገደኛው ሳይጠየቅ "አሚን!" አለ።

"አልደረሰኝም!" ብሎ ጮኸ በሺር።

"እዚያው ሁን! እንዳትመጣ! ወላሂ እሮጣለሁ!"

በሺር ግራና ቀኙን አየ። አንድ ሲኖትራክ አሳለፈና፣ ግንባሩን አስቀድሞ ተሻገረ።