እርስዎ ይቅደሙ

ካያክ የምትባለው ጀልባ ሁለት መቀመጫ አላት። ፊት የተቀመጠው ይቀዝፋል፤ ኋላ የተቀመጠው ይቀዝፋልም፣ ይመራልም። አስጎብኚው ሐሚሲ በዛንዚባር ጠረፍ፣ በጨው ውሃ ውስጥ በሚበቅለው የማንግሮቭ ጫካ ደጃፍ ቆሞ ይህን ሲያስረዳ፣ ወይዘሮ አሰገደች ከንግግሩ ሁሉ ጆሯቸው ያስቀረው ይህችን ብቻ ነበር።

«የኋላው ነው የሚመራው አለ?» ብለው ልጃቸውን ሶስናን ጠየቁ። የሐሚሲን እንግሊዝኛ የምትተረጉመው እሷ ነበረች።

«አዎ እማዬ።»

«እንግዲያው እኔ ኋላ ነኝ። አንቺ ፊት ሁኚ፣ ዓይኔ ሥር።»

ሐሚሲ ያሰበው ሌላ ነበር። ሁለቱን ወጣቶች በአንዱ ጀልባ፣ ሁለቱን እናቶች በሌላው አስቀምጦ፣ እሱ በራሱ ትንሽ ካያክ ፊት ፊት ሊሄድ ነበር። ግን አንድ ልጅ ብቻ ያላት እናት ከልጇ ተለይታ ሌላ ጀልባ ላይ ምን ልትሠራ ትቀመጣለች? ቢገለበጥስ? አዞ ቢኖርስ? አዞ እዚህ የለም ተባሉ።

«የለም የሚባለው እስኪመጣ ነው» አሉ ወይዘሮ አሰገደች፤ የላይፍ ጃኬታቸውን ማሰሪያ እንደገና እያጠበቁ።

ይህን ያዩት፣ ሶስናን ለትዳር የጠየቃት የሚልክያስ እናት ወይዘሮ ወሰንየለሽም ከልጃቸው ኋላ ሄደው ተቀመጡ። የሴቷ እናት ልጇን ጨብጣ የወንዱ እናት ብትለቅ፣ ልጁ ባለቤት የሌለው ይመስላል።

ጉዞው የታሰበው ለሁለት ሰው ነበር። ሶስናና ሚልክያስ ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው ባሕር ሊያዩ ሲነሱ፣ ወይዘሮ አሰገደች «መልስ ሳይሰጥ ወንድና ሴት ባሕር ማዶ?» ብለው ሻንጣቸውን አዘጋጁ። ወይዘሮ ወሰንየለሽም «ልጄ ብቻውን ከአማት ጋር? እንዴት ተደርጎ!» ብለው ተከተሉ።

መልሱ የቆመው እንዲህ ሆኖ ነው። የሚልክያስ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ሄደው፣ ሁለት ጊዜ «ተመካክረን እናሳውቃለን» ተብለው ተመልሰዋል። ወይዘሮ አሰገደች ልጁን ጠልተውት አይደለም። ቶሎ እሺ ያለች እናት ልጇን ገፍታ ሰጠች ትባላለች፤ ይህን ፈርተው ነው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ተቀየሙና «ከእንግዲህ ካልተጠራን አንሄድም» አሉ። የሴት ወገን ሽማግሌ አይጠራም። የወንድ እናትም በገዛ አፏ አትለምንም። እንዲህ እንደተከባበሩ ሚልክያስ ወደ ጅግጅጋ የሚዛወርበት ጊዜ ደረሰ። ሶስና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እናቷን ለብቻ ጠርታ፣ «ከዚህ ስንመለስ መልስ ከሌለ እሱ ይሄዳል። እኔም ጠብቀኝ አልለውም፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል» ብላቸው ነበር።

«እየተመካከርን ነው አልን እንጂ እንቢ አልን?»

«ከማን ጋር ነው የምትመካከሪው? ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና አንቺ ብቻ ነን።»

«ከራሴ ጋር። እሱ ቀላል መሰለሽ?»

ስለዚህ አሁን ሁለት እናቶችና ሁለት ልጆች በሁለት ጀልባ ሆነው ወደ ጫካው ገቡ። ውሃው ሞልቷል። ሐሚሲ እኩለ ቀን ሳያልፍ ከጫካው መውጣት እንዳለባቸው ደጋግሞ ነግሯቸዋል፤ ባሕሩ ሲመለስ ይህ ሁሉ ውሃ አብሮት ይሄዳልና።

ዛፎቹ እግር ያላቸው ይመስላሉ። ሥራቸው መሬት ውስጥ አልተደበቀም፤ ከውሃው በላይ ቅስት እየሠራ፣ እየተጠላለፈ ይታያል።

«እዚህ አገር እስከ ሰባት ቤት መቁጠር አያስፈልግም» አሉ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ከወዲያኛው ጀልባ። «ዛፉ ሁሉ ሥሩን አውጥቶ ቆሟል።»

ወይዘሮ አሰገደች የሚልክያስን ዘር ለማስጠየቅ እስከ ደብረ ታቦር ሰው ልከው ነበር። ነገሩ የት እንደተወረወረ ገብቷቸዋል።

«ሥሩ የታየ ዛፍ ምን ያፍራል» ብለው መለሱ። «እኛም የደበቅነው የለም።»

ሶስና ወደፊት ስትቀዝፍ እናቷ በፍርሃት ወደኋላ ስለሚቀዝፉ ጀልባዋ እንደ ወፍጮ እዚያው ትዞራለች። ሐሚሲ ይህን ሲያይ ቆይቶ፣ እናትየው መቅዘፊያውን ጭናቸው ላይ ቢያሳርፉት እንደሚሻል ተናገረ።

«እረፊ ነው የሚልሽ» አለች ሶስና።

«ካረፍኩማ ማን ይመራል?»

ጥቂት እንደሄዱ ሐሚሲ አንድ ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጎ አሳያቸው። እንደ ቃሪያ አረንጓዴ፣ ክንድ የሚያህሉ ረጃጅም ነገሮች ተንጠልጥለውበታል። ሌላው ዛፍ ዘሩን መሬት ላይ ይበትናል፤ ይህች ግን ልጇን እላይዋ ላይ አብቅላ፣ ችግኝ ስታደርሰው ነው የምትጥለው አላቸው። ወይዘሮ አሰገደች ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላቸው።

«ጎበዝ! እናት እንዲህ ናት እንጂ። እስቲ መቼ እንደምትለቀው ጠይቂልኝ።»

«ሲረዝም ነው አለ።»

«በጣም ብታዘገየውስ?»

ሐሚሲ ትከሻውን ነቀነቀ። ሶስና መልሱን ስትተረጉም ድምፅዋ ትንሽ ከፍ አለ። «እላይዋ ላይ ይደርቃል።»

«እሱ ነው ያለው፣ አንቺ ነሽ?»

«እሱ ነው።»

«ፊቱ ግን እንደዚያ የሚል አይመስልም።»

«ብትቸኩልስ በሉት» አሉ ወይዘሮ ወሰንየለሽ።

«ቶሎ ከወደቀ ውሃ ይወስደዋል» ብላ ተረጎመች ሶስና።

«ይኸው! ይወስደዋል!» አሉ ወይዘሮ አሰገደች።

«ወስዶ ሌላ ቦታ ይተክለዋል ነው የሚለው። እስኪጨርስ ጠብቂው እንጂ።»

ሚልክያስ ወደ ውሃው አቀርቅሮ ሳቁን ዋጠ። እናቱ በመቅዘፊያው ጫፍ ጀርባውን ነካ አደረጉት።

በዚህ ሁኔታ ጠባቡ መውጫ ላይ ደረሱ። ከጫካው መሐል ካለው ሰፊ ኩሬ ወደ ትልቁ የባሕር ክንድ የሚያወጣው መንገድ ይህ ብቻ ነው። ግራና ቀኙን ሥር ስለዘጋው አንድ ጀልባ እንጂ ሁለት ጎን ለጎን አያሳልፍም። ሐሚሲ ተከተሉኝ ብሎ ገባና ከቅጠሉ ኋላ ተሰወረ። ሁለቱ ጀልባዎች እኩል ደርሰው አፍንጫ ለአፍንጫ ቆሙ።

«ይቅደሙ እንጂ፣ ወይዘሮ ወሰንየለሽ።»

«ኧረ በጭራሽ! እርስዎ እያሉ?»

«በሞቴ ይቅደሙ።»

«የእርስዎን ሞት አያሳየኝ። የሴት እናት ሳታልፍ እኔ ወዴት አልፋለሁ?»

«እኔስ የወንድ እናት ሳታልፍ ብገባ፣ ምን አስቸኮላት አልባልም?»

«እኔስ ምን አጋፋት አልባልም?»

የሚል ሰው በአካባቢው አልነበረም። ከላይ አንድ ነጭ ወፍ ቆሞ ነበር፤ እሱም ትንሽ ሰምቶ በረረ።

«እትዬ አሰገደች፣ እኛ እንቅደም?» አለ ሚልክያስ በትሕትና።

«አንተ ዝም በል ልጄ። ይሄ የትልልቆች ነገር ነው።»

ሶስና ግን መቅዘፊያዋን ጠልቃ ሳበች። ጀልባዋ ወደ መውጫው ስትንደረደር እናቷ አንድ ወፍራም ሥር አፈፍ አድርገው ያዙ። ወይዘሮ ወሰንየለሽም ልጃቸው እንዳያሳፍራቸው በበኩላቸው ሥር ያዙ። እንግዲህ ሁለቱም ሥራቸውን ይዘው፣ ልጆቹ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ ልመናው ቀጠለ። በማርያም ተባለ። በገብርኤል ተባለ። «አፈር ስሆን» ተባለ፤ አፈር ግን በቅርብ አልነበረም፤ ጭቃ ነው ያለው፣ እሱም ገና ከውሃው በታች ነው።

ሐሚሲ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚመጣ ሲያጣ ተመልሶ ብቅ አለ።

«ተጣሉ እንዴ?» ብሎ ሶስናን ጠየቃት።

«አይ፣ መከባበራቸው ነው።»

ሐሚሲ ሁለቱን ሴቶች ተራ በተራ አየና አልገባውም። ከዚያ ሥሮቹን በጣቱ አሳየ፤ ቅድም ውሃ የነበረበት ላይ እርጥብ ጥቁር መስመር ቀርቷል። ውሃው እየሄደ ነው አላት።

«እማዬ፣ ውሃው እየሄደ ነው!»

«አየን፣ አየን» አሉ ወይዘሮ አሰገደች። እሳቸውም ደንግጠዋል፤ ግን ድንጋጤ ላይ ሆኖ መቅደም ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነውር ነው። አንድ መላ መጣላቸው። «በቃ ዕጣ እንጣል። የወጣለት ይቀድማል።»

«ጥሩ ብለዋል» አሉ ወይዘሮ ወሰንየለሽ።

ሚልክያስ ሁለት ቅጠል ቀጠፈ፤ አንዱን ከነዘንጉ፣ አንዱን ያለ ዘንጉ። በመዳፉ ሸፍኖ በሁለቱ ጀልባዎች መሐል ዘረጋው።

«ያንሱ፣ ወይዘሮ ወሰንየለሽ።»

«ኧረ እርስዎ ያንሱ።»

ሶስና መቅዘፊያዋን ጭኗ ላይ ጥላ ዓይኗን ጨፈነች። ያን ጊዜ ጀልባዋ ከሥራቸው እንደ ደከማት ላም ተንፍሳ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ወዲያው የነ ወይዘሮ ወሰንየለሽም ተቀመጠች።

ሐሚሲ ምርጫው ሁለት ነው አለ። ወይ ውሃው አመሻሽ ላይ እስኪመለስ እዚሁ መጠበቅ፣ ወይ ጭቃው ውስጥ ወርዶ ጀልባዎቹን መጎተት። ወይዘሮ አሰገደች ወዲያው ሁሉም ታያቸው፤ ጨለማው፣ ትንኙ፣ ከጭቃው እየወጣ ጥፍሩን የሚያጋጨው ሸርጣን፣ ሬሳቸውን የሚያገኘው የማያውቁት ሰው። ዕድር እንኳ በሌለበት አገር!

«ትንሽ እንመካከር» አሉ።

የሚመካከራቸው አላገኙም። ሶስና ጫማዋን አውልቃ ጀልባው ውስጥ ወርውራ፣ ከወዲህ ወርዳለች። ሚልክያስም ከወዲያ ወርዷል።

«ሶስና! ትሰምጪያለሽ! ሶስና!»

ሶስና ሰመጠች፤ እስከ ጉልበቷ። አንድ እግሯን ስትነቅል ሌላው ገባ፤ ሚልክያስ መቅዘፊያውን ዘረጋላትና ስትይዘው እሱንም ጎትታ ጣለችው። ከአንገት በታች ጭቃ ሆነው፣ አንዱ ሌላውን ሊያነሣ ሲል እየወደቁ፣ ሳቃቸው ጫካውን ሞላው። ሁለቱ እናቶች ደረቅና ንጹሕ ሆነው፣ ከየጀልባቸው ሆነው አዩአቸው።

ሐሚሲ ወይዘሮ ወሰንየለሽን ደግፎ ወደ እነ ወይዘሮ አሰገደች ጀልባ አሻገራቸውና ሶስና በነበረችበት የፊት መቀመጫ ላይ አስቀመጣቸው። ከዚያ ሦስቱ እየጎተቱ፣ ሁለቱ እናቶችም በመቅዘፊያቸው ጭቃውን እየገፉ፣ ጠባቡን መውጫ አለፉ። ማን ቀድሞ እንዳለፈ የጠየቀ የለም። ትልቁ የባሕር ክንድ ላይ ውሃ ስለነበረ ጀልባዋ ተንሳፈፈች። ሐሚሲ ካያኩ ውስጥ ገብቶ የእናቶቹን ጀልባ በእጁ ያዘላቸው፤ ልጆቹ ባዶዋን ጀልባ ሊያመጡ ተመለሱ።

ጥበቃው እዚህ ላይ ሆነ። ወይዘሮ አሰገደች ዓይናቸውን ከመውጫው አልነቀሉም። የልጆቹ ሳቅ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ ጠፋ።

«ሳቃቸው ጠፋ» አሉ።

«እየጎተቱ ይሆናላ። የሚጎትት ሰው አይስቅም» አሉ ወይዘሮ ወሰንየለሽ። ፊት ስለተቀመጡ ፊታቸው አይታይም፤ ጀርባቸው ብቻ ነው። ሁለቱ ሴቶች ከተዋወቁ ጀምሮ ፊት ለፊት ሳይተያዩ ሲነጋገሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

«እኔ ልጅዎን ጠልቼው አይደለም» አሉ ወይዘሮ አሰገደች ለጀርባቸው።

«አውቃለሁ።»

«ሁሌ የሚታየኝ ክፉ ክፉው ነው። ብሰጣት ያለቅሳል ሆዴ፤ ባልሰጣት ደግሞ ታለቅሳለች። የትኛውም መንገድ ለቅሶ ሆነብኝ።»

«የእኔም እንደዚያው ነው። አፌ ግን አይለምንም፤ ምን ላድርገው።»

ሐሚሲ የሚሉት ባይገባውም ጀልባዋን አጥብቆ ያዘ።

ቅጠሉ ተንቀሳቀሰ። ጭቃ የተቀባች ጀልባ ብቅ አለች። ሚልክያስ ፊት ነው። ሶስና ኋላ ተቀምጣለች። ከሁለቱም ከዓይናቸውና ከጥርሳቸው በቀር ነጭ ነገር አይታይም። መቅዘፊያቸው እኩል ይገባል፣ እኩል ይወጣል፤ ጀልባዋም እንደተሳበ ክር ቀጥ ብላ መጣች። ወይዘሮ አሰገደች ልትቆም ነው ብለው እጃቸውን ዘረጉ። አልቆመችም።

«እማዬ፣ ኑ! ውሃው ጥሩ ነው!» ብላ ሶስና እየጮኸች አለፈቻቸው።

ሁለቱ እናቶች ጀልባዋ ስትርቅ እስክታንስ ድረስ ተመለከቱ። አልተገለበጠችም። አዞም አልመጣም። ወይዘሮ አሰገደች ረጅም ትንፋሽ አወጡና መቅዘፊያቸውን አነሡ።

«ሽማግሌዎቹ እሑድ ይምጡ» አሉ።

የወይዘሮ ወሰንየለሽ ጀርባ ቀጥ አለ። «ተጠርተው?»

«ተጠርተው።»

«የሴት ወገን ጠርታ አመጣች እንዳይባል። ለእርስዎ አስቤ ነው።»

ወይዘሮ አሰገደች መቅዘፊያቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደፊት ነከሩት።

«ኧረ ይተዉኝ፣ ወይዘሮ ወሰንየለሽ! ውሃው ሲሄድ ሽማግሌ ልኮ ጠየቀን?»