የወሬ ወንፈል

(መካነ ሰላም፣ ገበያው ዳር። ከሐጂ አሕመድኑር የእህል መጋዘን ደጅ አንድ አይሱዙ ቆሟል። ጫኞቹ ሁለት ናቸው፤ ፈንታው የስንዴ ጆንያ ተሸክሟል፣ ከጂዳ የተመለሰው ጀማሉዲን ስልኩን ተሸክሟል።)

ጀማሉዲን፦ «እህ» አልክ!

ፈንታው፦ አላልኩም።

ጀማሉዲን፦ በጆሮዬ ሰማሁህ እኮ!

ፈንታው፦ ጆንያው ነው ያለው።

ጀማሉዲን፦ ጆንያ ያቃስታል?

ፈንታው፦ ከኔ ጋር ብዙ ስለኖረ ለምዶ ይሆናል። (ጆንያውን መኪናው ላይ ጥሎ ሊቃና ሞከረ። ግማሹ ተቃና፤ ግማሹ «ቆይ መጣሁ» ብሎ ቀረ።)

ጀማሉዲን፦ ስማ ፈንቴ፣ ድካም ያለው ወገብ ላይ አይደለም፤ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ፈንታው፦ እዚያ ድረስ በምን ወጣ?

ጀማሉዲን፦ ስልኬ ላይ ያለው አነቃቂ ምን ይላል? «እችላለሁ ያለ ተራራ ይንዳል!»

ፈንታው፦ ሰውዬው ጆንያ ተሸክሞ ያውቃል?

ጀማሉዲን፦ ምን ቆርጦት! ከረባት ነው የሚያስር።

ፈንታው፦ እሱም አንገት ይከብዳል መቼም። ጀማል ወንድሜ፣ ወጌሻዋ እትዬ አስቻለች «ካላረፍክ እንደ ማጭድ ጎብጠህ ትቀራለህ» ብላኛለች። የዛሬን አንተ ሸከም በልልኝ።

ጀማሉዲን፦ እኔ ከተሸከምኩ አንተን ማን ያነቃቃሃል? ሐጂ ደግሞ ከዙሁር ሶላት በፊት ካልጫናችሁ የወግዲ ልጆችን አመጣለሁ ብለዋል። እንጀራችን ተዘጋ ማለት ነው!

ፈንታው፦ አንዲት ጆንያ እንኳ?

ጀማሉዲን፦ ውለታ ቢስ! ከረመዷን ማግስት ጀምሮ አንድ ቀን ሳላጎድል ወንፈል እየገባሁልህ!

ፈንታው፦ የምን ወንፈል?

ጀማሉዲን፦ የወሬ! አንዱ በጉልበቱ፣ አንዱ በምላሱ። ወላሂ የኔ ቃል ከጆንያ ይከብዳል!

ፈንታው፦ (ቃሉን እንደ በሬ እያመነዠከ) ቆይ... ወንፈል ነው አልክ?

ጀማሉዲን፦ ወንፈል ነው! ሐጂ፣ ይመስክሩብኝ!

(ሐጂ አሕመድኑር ከመጋዘኑ ውስጥ ሙስበሃ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ «ሰምቻለሁ» አሉ።)

ፈንታው፦ ያረሰልህን...

ጀማሉዲን፦ ታርስለታለህ።

ፈንታው፦ ያጨደልህን...

ጀማሉዲን፦ ታጭድለታለህ። ይሄን ማን ያጣዋል?

ፈንታው፦ ያወራልህንስ?

ጀማሉዲን፦ ታወ...

ፈንታው፦ (ስልኩን ተቀብሎት ጥላ ስር ቁጭ አለ።) አወራልሃለሁ። ግባ ከጆንያው ስር!

ጀማሉዲን፦ ኧረ በአላህ ቀልዱን ተው!

ፈንታው፦ ወንፈል ሲመለስልህ እምቢ ካልክ ማሳ ላይ የቆመ ገብስህን ማን ያጭድልሃል? አነቃቂው?

(ጀማሉዲን ሐጂን አየ፣ ፀሐይዋን አየ፣ ገብሱ ትዝ አለው። ጆንያውን አነሳ።)

ጀማሉዲን፦ እህ!

ፈንታው፦ «እህ» አልክ!

ጀማሉዲን፦ ጆንያው ነው!

ፈንታው፦ ጎበዝ! ተራራው እየተናደ ነው! እችላለሁ በል!

(የዙሁር አዛን ሲሰማ የመጨረሻው ጆንያ ተጫነ። ጀማሉዲን ራሱ ከጆንያው ጋር አብሮ ሊጫን ምንም አልቀረው፤ መሬት ላይ ተዘረረ።)

ጀማሉዲን፦ ፈንቴ፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። ወገብ እውነትም ያመማል። በቃ፣ ነገ እኩል እንሸከማለን።

ፈንታው፦ ነገ? አይሆንም ወንድሜ፣ የሰው ወንፈልማ አላስቀርም። ዛሬ የመለስኩልህ የረመዷንን ማግስት ብቻ ነው።