አሥራ ሁለት ሳጥን ቢራ ለሦስት መቶ እንግዳ

በሰው ሠርግ ላይ ሁሉም ሰው የመጠጥ ሊቅ ነው። ገና የተቀመጠበት ወንበር ሳይሞቅ፣ “ይሄ ቢራ አይበቃም” ወይም “ይሄ ሁሉ ለማን ነው?” የማይል እንግዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያው ሰው የራሱ ልጅ ስትዳር ግን ሊቅነቱ ብን ብሎ ይጠፋል። ቢያበዛ ኪሱ ይጎዳል፣ ቢያሳንስ ስሙ። ኪስስ ቀስ ብሎ ይሞላል፤ መጥፎ ስም ግን ድሬዳዋ ላይ አንዴ ከወጣ፣ ከከዚራ ተነስቶ መጋላ ለመድረስ አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪጠጣ እንኳ አይጠብቅም።

አባቴ ከባቡር ጋራዥ ጡረታ የወጡ መካኒክ ነበሩ። እጃቸው ወርቅ፣ ምላሳቸው ምላጭ። የአንድ ጎረቤታችን ልጅ ስትዳር ቢራው ምሳ ሳይነሳ አለቀና፣ አባቴ በሰው መሃል፣ “ጠበል ልንቀምስ መምጣታችንን ማን ነገረን?” አሉ። ሰው ሳቀ። ባለድግሱ አልሳቀም። ሦስት ወር ሳይሞላ እህቴ ትዕግሥት ታጨች፤ ሠፈሩም የእኛን ቀን ፈገግ ብሎ ይጠብቅ ጀመር።

እኔ በአንድ ፋብሪካ የንብረት ክፍል ጸሐፊ ስለነበርኩ የመጠጡ ግምት ለእኔ ተሰጠ። አባቴ የእንግዶቹን ዝርዝር አቀብለውኝ፣ “ሦስት መቶ ሰው ነው። ለሰው አራት ጠርሙስ። አስላ” አሉኝ። አሰላሁ። ሃምሳ ሳጥን ወጣ።

ዘመኑ ግን ለሠርግ የሚሆን ቢራ በቀበሌ ደብዳቤ የሚወጣበት ዘመን ነው። ጓድ ሊቀመንበሩ ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ አነበቡና፣ ሠርግ ነው ወይስ መጠጥ ቤት ልትከፍቱ ነው ብለው ጠየቁኝ። ሠርግ ነው አልኩ። ሃምሳን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው አሥራ ሁለት ጻፉ። ይሄ ለሦስት መቶ ሰው እንዴት ይበቃል ብላቸው፣ ማብቃቃቱ የአንተ ፈንታ ነው ብለው ማኅተሙን አሳረፉበት።

አባቴ ወረቀቱን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። ሠርጉን ወደ ሌላ ቀን እናስተላልፈው አሉ። እናቴ፣ “ምን ብለን? ቢራ ጠፋ ብለን?” አለች። እህቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትሰማ ኖሮ ለቅሶዋን ለቀቀችው። እኔ እንግዲህ ሰው ሲያለቅስ አፌ ይቀድመኛል፤ “በአሥራ ሁለቱ አደርገዋለሁ” ብዬ ቁጭ አልኩ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ?

በማግስቱ እሑድ ለገሃሬ አንድ ወዳጃችን ጋ ሠርግ ነበር። የሄድኩት ለመብላት ሳይሆን ለምርምር ነው። አስተናጋጆቹ ጠርሙሱን ሁሉ ከፍተው ከፍተው በየጠረጴዛው ይደረድራሉ። ሙቀቱ ደግሞ የድሬ ሙቀት። እንግዳው ለብ ያለውን ቢራ አንዴ ይጎነጫል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ይተወዋል፤ ይሻል እንደሆነ ብሎ ሌላውን ይስባል። ሰው ሲነሳ በየጠረጴዛው ላይ የቀረውን ባልዲ ውስጥ ስገለብጥ፣ ከሦስት ጠርሙስ አንዱ የማንም ሆድ ውስጥ አለመግባቱን ደረስኩበት።

ምርምር ጠላት አያጣም። ዕቃ ሲያጥቡ የነበሩ ሴቶች ባልዲውን አቅፌ አዩኝ። ማክሰኞ ወሬው እናቴ ዘንድ ደረሰ፤ ልጅሽ የሰው ትራፊ እያጠራቀመ ይጠጣል ተባለች። እናቴም ምንም ሳትጠይቀኝ ለሦስት ጠዋት በባዶ ሆዴ ጠበል አጠጣችኝ። ስለ ሳይንስ ብዬ ጠጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሂሳቡን እንደገና ያዝኩት። ከሦስት መቶው መቶ ሃያው ቢራ የማይነኩ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንና የአባቴ ሙስሊም የጋራዥ ባልደረቦች ናቸው። አባቴ ለእነሱም አራት አራት ቢራ መድበውላቸው ኖሯል። አርባ ያህሉ ሕፃናትና ከጠላ ሌላ የማይቀምሱ እናቶች ናቸው። ለቀረው መቶ አርባ ሰው አሥራ ሁለት ሳጥን ማለት ሁለት ሁለት ጠርሙስ ነው። ጭንቁ ቢራው አልነበረም፤ ጭንቁ ጥሙ ነበር። ሰው ከፀሐይ ገብቶ የመጀመሪያውን ጠርሙስ የሚጠጣው ለውሃ ጥሙ ነው። ታዲያ ለውሃ ጥም ቢራ ማባከን ምን የሚሉት ሞኝነት ነው?

አብዲ የሚባል አብሮ አደጌ በረዶ ከሚሠራ ቤት ይሠራ ነበር። ጥሙን በሎሚና በበረዶ አስቀድሜ ልቆርጥ ማሰቤን ስነግረው ጫቱን ወደ አንድ ጉንጩ ሰብስቦ አዳመጠኝና፣ “አቦ፣ አንተ ቢራ ሳይሆን በረዶ ነው የምትደግሰው። ወላሂ እኔ አለሁ” አለኝ። ስኳር እንደ ቢራው በራሽን ነበርና፣ ጎረቤት ከየድርሻው አንዳንድ ብርጭቆ ሰፍሮ አዋጣልን። ከሁሉም አብልጠው የሰጡት ቢራ የማይጠጡት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሎሚውን አህያ ጭነው ከቢዮ አዋሌ በኩል ከመጡ ሴቶች ገዛን።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። በር ላይ ሎሚ በስኳር በበረዶ የተሞላ በርሜል አቆምኩ፤ ሁለት ሁለት ብርጭቆ ሳይጠጣ የሚያልፍ እንዳይኖር አዘዝኩ። ቢራው ጓሮ፣ በረዶ ውስጥ ተቀብሮ፣ ላዩ ላይ ጆንያና ሰጋቱራ ለብሶ ተኛ። መክፈቻ የሚባል ነገር ከቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሁለት ብቻ ቀረ፤ አንዱ በእኔ አንገት፣ አንዱ በአብዲ። እንግዳው በአፉ ካልጠየቀ በቀር አንዲት ጠርሙስ እንዳትከፈት።

ከናዝሬት በባቡር የመጡት የሙሽራው ወገኖች አርባ ይሆናሉ ተብለን ነበር። ሰባ ሆነው መጡ። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይሄኔ ነው። አባቴ ጓሮ ድረስ መጥተው፣ “አለቀልን” አሉኝ፤ ፊታቸው ግድግዳ መስሏል። እኔ ግን በመጠጥ አዋቂነት በሥልጣን ላይ ነኝና፣ አብዲን ቢራ ፍለጋ ሳይሆን ሌላ በረዶ እንዲያመጣ ላክሁት።

ከሰባዎቹ መሃል የሙሽራው አጎት አቶ በላይነህ ይገኙበታል። አንድ ሳጥን ለብቻቸው ይገፋሉ እየተባለ ቀድሞ የተወራላቸው ሰው ናቸው። ከነሰደርያው የሱፍ ልብስ ለብሰው በድሬ ቀትር ሲገቡ ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠብ ነበር። የመጀመሪያውን ሎሚ ቆመው ጠጡት። ሁለተኛውን ዓይናቸውን ጨፍነው። አምስተኛው ላይ ኮታቸውን አወለቁና፣ “እዚህ አገር መኖር ይቻላል ለካ” አሉ። ምሳቸውን በልተው ቢራ ሲጠይቁ በረዶ የላበበት ጠርሙስ ሰጠኋቸው። ቀስ እያሉ፣ እያወጉ ጠጡት። አንድ ጨመሩ። ሦስተኛውን ይዤ ብቀርብ፣ “ተወኝ ልጄ፣ ይሄንን ስሜት አታበላሽብኝ” አሉኝ።

ዘፈኑ ደርቶ ሰው እስክስታ ሲወርድ አባቴ እንደገና መጡ። ስንት ቀረ አሉኝ። አራት ሳጥን አልኳቸው። አላመኑኝም። ነጭ ሸሚዛቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው በረዶው ውስጥ ከተቱና ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ። ክንዳቸው ቀልቶ ሲወጣ፣ በቀዝቃዛ እጃቸው ማጅራቴን ጨበጥ አድርገው ሄዱ። ከአባቴ አፍ ብዙ ሙገሳ ሰምቼ አላውቅም፤ የዚያ እጅ ቅዝቃዜ ግን እስከ ዛሬ ማጅራቴ ላይ አለ።

ከዚያ ወደ ድንኳኑ መሃል ገብተው፣ ያን በሰው መሃል ያፌዙበትን ጎረቤታችንን ፊት ለፊት እያዩ፣ “ወገኖቼ፣ ቢራ የጎደለበት አለ?” ብለው ጠየቁ። እጅ ያወጣ የለም። ጎረቤታችን ጠርሙሱን አንስቶ አሳያቸው፤ ገና ግማሽ ነበር። አባቴ ሄደው ከጎኑ ተቀመጡና የባለፈውን ይቅርታ ጠየቁት። በሙሉ ጓሮ ሆኖ ይቅርታ መጠየቅ እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ!

ሠርገኛው ሲሸኝ ሁለት ሳጥን ተርፎ ነበር።

ድል ግን መዘዝ አለው። በሳምንቱ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ልጃቸውን ሊድሩ ሠላሳ ሳጥን ቢጠይቁ፣ ጓድ ሊቀመንበሩ፣ “ሦስት መቶ ሰው በአሥር ሳጥን ሲጠግብ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሎሚውንም ጠጥቻለሁ” ብለው አሥር ፈቀዱላቸው። እትዬ አስካለ በቀጥታ እኛ ቤት መጡ። ሰላምታም አልሰጡኝ፤ “መክፈቻህን ይዘህ ና” ብቻ አሉኝ። ሄድኩ፤ ያም በቃ፣ ተረፈም። ከዚያ ወዲያ በቀበሌያችን የተዳረ ሁሉ በእኔ ስሌት ተዳረ፤ እኔም ከሠርግ ሠርግ በክብር ስጠራ ሁለት ዓመት ከረምኩ።

በመጨረሻ የራሴ ሠርግ ደረሰና ማመልከቻዬን ይዤ ቀበሌ ገባሁ። ጓድ ሊቀመንበሩ ከወንበራቸው ተነስተው እጄን ጨበጡኝ፣ እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ፣ ከዚያም አምስት ሳጥን ጻፉልኝ። ለምን ብላቸው፣ “ለባለሙያ ይሄም ይበዛበታል” አሉኝ።