የፀሐይን ጩኸት የመከላከል ታላቅ ተጋድሎ

አርቆ አሳቢው ከንቲባችን ሺባሳኪ ባይኖሩ ኖሮ ይህች የወደብ ከተማ ዛሬ ደንቁራ ነበር። የሌላው ከተማ ከንቲባ ሕዝቡን ከባሕር ማዕበል ሲከላከል፣ የእኛው ከፀሐይ ጩኸት ተከላከሉልን።

ዶክተር ሚናሴ የተባሉ ሴት የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ከቶኪዮ መጥተው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ንግግር አደረጉ። «ጠፈሩ በአየር የተሞላ ቢሆን ኖሮ» አሉ፣ «የፀሐይ ጩኸት ከብዙ ዓመት ጉዞ በኋላ ደርሶ ቀኑን ሙሉ ያደነቁረን ነበር።» ክቡር ከንቲባው «ቢሆን ኖሮ» ሲባል ተኝተዋል፤ «ያደነቁረን» ሲባል ነቁ።

በማግስቱ የፀሐይ ድምፅ መከላከያ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ጩኸቱ ሲመጣ በወቅቱ እንዲታወቅ፣ ከተማዋ «አግባብነት ባለው መልኩ» ጸጥ እንድትል ተወሰነ። የበዓል ከበሮ ታገደ። ከሁሉ የተጎዳው ግን የዓሣ ገበያው ሐራጅ ጠሪ ኦኩኖ ነው። ሰውየው ከአባቱ የወረሰው ሀብት ጉሮሮው ብቻ ነበር።

«በሹክሹክታ ሽጥ» አሉት ከንቲባው።

«ዓሣ በሹክሹክታ? ሐሜት መሰለዎት እንዴ ክቡርነትዎ?»

«ለሕዝብ ጆሮ ስትል ቻለው።»

ቻለው። ገዢዎች ዋጋው አልሰማ ሲላቸው ወደ ጎረቤት ወደብ ሄዱ። ያልተሸጠው የቱና ዓሣ ሸተተ። ኦኩኖ ቤቱ ተቀምጦ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይውል ጀመር። ሚስቱ ሃትሱዬ፣ «እባክህ፣ ተቆጣኝም ቢሆን፤ ድምፅህ ናፈቀኝ» እያለች ታለቅስ ነበር።

የፀሐይ ጩኸት ግን ድምፁ የለም። ይህም የጽሕፈት ቤቱ አንጸባራቂ ስኬት ተብሎ ክብረ በዓል ተደገሰ፤ ሽልማት እንዲሰጡም ዶክተር ሚናሴ ተጋበዙ። ሴትዮዋ ጉዳዩን ሲሰሙ ክው አሉ።

«ክቡር ከንቲባ፣ ጩኸቱ እኮ መቼም አይመጣም! ድምፅ መተላለፊያ ይፈልጋል፤ አየር በሉት፣ ውሃ በሉት። በእኛና በፀሐይ መሀል ያለው ባዶ ነው። ከባዶ ውስጥ ድምፅ አይወጣም።»

ኦኩኖ ከኋላ ተነሣና ለወራት ያፈነውን ጉሮሮ ለቀቀው፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

«ዶክተር! ከባዶ ድምፅ ካልወጣ፣ ያ ሁሉ ትእዛዝ ከከንቲባችን ጭንቅላት እንዴት ወጣ?»

መጀመሪያ ሃትሱዬ ሳቀች፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ክቡር ከንቲባው ብቻ አልሳቁም። ግንባራቸውን ቋጥረው አሰቡና፣ «ጥልቅ ጥያቄ ነው» አሉ፤ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴም እዚያው አቋቋሙ። ሰብሳቢው ራሳቸው ናቸው።